ጅብ ሳይሄድ የሚጮኽ ውሻ

ባለፈው ዓመት የበግ ርባታ ሥራችንን ሪፖርት ከላክን በኋላ ከደጋፊዎቻችን አንዷ በትሕትና አንድ ጥያቄ ጻፉልን። «በወጪ ዝርዝራችሁ ውስጥ ‹ለውሻ› የሚል መስመር አየሁ፤ ከበጉ ሥራ ጋር ምን ያገናኘዋል?» የሚል ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሂሳብ የምንይዝ ሰዎች መስመር ሲጠየቅ ደስ ይለናል፤ የሚያስፈራን ማንም የማይጠይቀው መስመር ነው። ያኔ በሦስት ዐረፍተ ነገር መለስን፤ ግን መልሱ ለእኛ ለራሳችንም አልበቃንም። ስለዚህ በዚህ እትም ነገሩን ረዘም አድርገን፣ ሌሎች አገሮች የበግ ውሻን እንዴት እንዳሳደጉት፣ ምን እንዳገኙበትና ምን እንደከፈሉበት እንጽፋለን። ዓመቶቹ የውጭ አገር ታሪክ ስለሆኑ ሁሉም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከቤታችን እንጀምር። ማኅበራችን ያለው በሰሜን ሸዋ ደጋ ነው። እዚህ በግ የሌለበት ግቢ ጥቂት ነው፤ ውሻ የሌለበትም እንዲሁ። ውሻችን ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይፈታል። የሚበላው የተረፈውን ነው፤ ካልተረፈ ዞሮ ፈልጎ ይበላል። ቡችላ የፈለገ ሰው ከጎረቤት በነጻ ይወስዳል፤ የሚወሰደውም ወንዱ ነው። ሴቶቹ ቡችሎች መንገድ ዳር ወይም ገበያ አጠገብ ይጣላሉ። ይህን ስንጽፍ እኛም ያደረግነው መሆኑን አንክድም።

ከሦስት ዓመት በፊት በነሐሴ፣ ጭጋጉ ከመሬት በማይነሣበት ሰሞን፣ ጅብ በሁለት ሌሊት ከሦስት አባሎቻችን ግቢ ሰባት በግ ወሰደ። ሦስቱም ግቢ ውሻ ነበረው። ሦስቱም ውሾች ጮኸዋል፤ ግን በጉ ከተወሰደ በኋላ። በማግስቱ ስንሰበሰብ አንዲት እናታችን ነጠላቸውን አጣፍተው፣ «ልጆቼ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የተባለው ለእኛ ነው» አሉ። ሳቅንም አዘንንም። ከሰባቱ አራቱ በማኅበሩ ብድር የተገዙ በጎች ነበሩ።

ከዚያ ክርክር ሆነ። ግማሾቻችን ከከተማ ትልቅ፣ ኃይለኛ የፈረንጅ ውሻ ይገዛ አልን። ግማሾቻችን ገንዘቡ ለጋጣው ግንብ ይዋል አልን። ጋጣው ተጠናከረ፤ ይህ አላከራከረንም። የውሻው ጉዳይ ግን ማንበብ ጠየቀ። ካነበብነው ውስጥ መጀመሪያ የገረመን፣ ጥሩ የበግ ውሻ የሚባለው ከኃይለኛነት ጋር ብዙም የማይገናኝ መሆኑ ነው።

ኮሉሜላ የተባለ ሮማዊ የእርሻ ጸሐፊ በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን በጻፈው መጽሐፍ የቤት ጠባቂውንና የመንጋ ጠባቂውን ውሻ ለይቶ ያያቸዋል። የቤቱ ጥቁር ይሁን ይላል፤ ቀን ሌባው አይቶ እንዲፈራው፣ ሌሊት ደግሞ በጨለማው ተሸሽጎ እንዲደርስበት። የመንጋው ግን ነጭ ይሁን፤ እረኛው ብርሃኑ ገና ሳይለይ ተኩላ መስሎት የራሱን ውሻ እንዳይመታ። ስሙም አጭር ይሁን፣ ሲጠራ ቶሎ እንዲሰማ፤ ከሁለት ክፍለ ቃል ግን አይነስ ይላል። በዚህ በኩል የእኛ አገር ‹ቦቢ› ፈተናውን ያለፈ ይመስላል። ከኮሉሜላ ቀደም ብሎ የነበረው ቫሮ ደግሞ የውሻው አንገት ላይ ምስማር የተመታበት የቆዳ ማሰሪያ ይታሰርለት፣ የምስማሩ ራስ እንዳይወጋው ከውስጥ ለስላሳ ቆዳ ይሰፋበት ብሏል። የቱርክ እረኞች ዛሬም ለውሾቻቸው ሾጣጣ ብረት ያለው ማሰሪያ ያስራሉ፤ አውሬ መጀመሪያ የሚይዘው አንገት ነውና።

ስለ አስተዳደጉ ግን ከሁሉ የጠቀመን የቻርልስ ዳርዊን ጽሑፍ ነው። ዳርዊን በወጣትነቱ በመርከብ ዓለምን ሲዞር በ1833 ዛሬ ኡራጓይ በምትባለው አገር አለፈ። በፈረስ ሲሄድ ከማንኛውም ቤት ጥቂት ማይሎች የራቀ ትልቅ የበግ መንጋ ያያል፤ ሰው የለም፣ የሚጠብቁት አንድ ወይም ሁለት ውሾች ብቻ ናቸው። እንዴት እንዲህ ሊሆን ቻለ ብሎ ጠየቀ። የነገሩትን እንዲህ አድርጎ ጽፎታል። ቡችላው ገና ትንሽ ሳለ ከእናቱ ይለያል። በቀን ሦስት አራት ጊዜ እናት በግ ይዘው ያጠቡታል። መኝታው ከበግ ጠጉር ተሠርቶ በጋጣው ውስጥ ይዘጋጅለታል። ከሌሎች ውሾችም፣ ከቤቱ ልጆችም ጋር እንዲውል አይፈቀድለትም። ብዙውን ጊዜም ይኮላሻል። እንዲህ ያደገ ውሻ ካደገ በኋላ ከመንጋው መለየት አይፈልግም፤ ሌላ ውሻ ጌታውን እንደሚጠብቅ እሱ በጎቹን ይጠብቃል።

ዳርዊን አንድ ነገር ደግሞ ይጨምራል። ውሻው በየቀኑ ሥጋውን ለመቀበል ወደ ቤት ይመጣል። ሥጋውን እንዳገኘ ያፈረ ይመስል ተሸማቆ ይሄዳል። የቤቱ ውሾች ይጨክኑበታል፤ ከውስጣቸው ትንሹ እንኳ ያባርረዋል። መንጋው ጋ ሲደርስ ግን ዘወር ብሎ መጮኽ ይጀምራል፤ ያኔ ሲያባርሩት የመጡት የቤት ውሾች ሁሉ ተመልሰው ይፈረጥጣሉ። ይህን በስብሰባ ላይ ስናነበው አንዲት አባላችን፣ «በሰው ቤት አንገቷን የደፋች፣ ጓዳዋ ስትገባ እመቤት የሆነች ሴት ናታ!» አለችና ቤቱ በሳቅ ሞላ። ከሳቁ በኋላ ግን ነገሩ ገባን። ያ ውሻ ጀግና ሆኖ አልተወለደም። ደፋር የሚሆነው የእኔ ከሚላቸው ጋር ሲሆን ነው፤ የእኔ የሚላቸው ደግሞ በጎቹ እንዲሆኑ የተደረገው በቡችላነቱ ነው። የእኛ ውሾች የሚያድጉት በር ላይ፣ ከልጆች ጋር ነው። በሩን ይጠብቃሉ። ጅቡ የሚመጣው በጓሮ በኩል ነው።

ይህ እውቀት በአውሮፓና በእስያ ተራሮች የእረኞች ነበር፤ የተማረው ዓለም ወደ እሱ የተመለሰው በችግር ነው። በአሜሪካ የበግ አርቢዎች ኮዮት የሚባለውን የቀበሮ ዘመድ ለብዙ ዓመታት በመርዝ ሲያጠፉት ኖረዋል። በ1972 ፕሬዚዳንት ኒክሰን በፌዴራል መንግሥት መሬት ላይ መርዝ እንዳይደረግ ከለከሉ። መርዙ ሲቀር ምን ይተካው የሚል ጥያቄ መጣ። በማሳቹሴትስ በሃምፕሻየር ኮሌጅ ያስተምሩ የነበሩት ሬይመንድ ኮፒንገር ከባለቤታቸው ከሎርና ጋር ሆነው ከጣሊያን፣ ከዩጎዝላቪያና ከቱርክ የበግ ጠባቂ ቡችሎች አስመጡ፤ አራብተውም ለገበሬዎች አከፋፈሉ። ከአንድ ሺህ በላይ ውሾች ሰጥተው እያንዳንዱ ምን እንደሆነ ይመዘግቡ ነበር።

ከዚያ መዝገብ የወጣው ትምህርት ዛሬም የሚሠራበት ነው። የበግ ጠባቂ ውሻ ሦስት ጠባይ ያስፈልገዋል። አንደኛው በጉን አለመንካት ነው፤ ማሳደድም፣ መንከስም፣ በጨዋታ ጆሮውን መጎተትም የለም። ሁለተኛው ከመንጋው አለመለየት ነው። ሦስተኛው እንግዳ ነገር ሲመጣ መነሣት ነው። ሦስተኛውን ብቻ ያለው ውሻ በየሰፈሩ ሞልቷል፤ ሁለቱ ከሌሉ ግን ጠቃሚ አይደለም፣ እንዲያውም አደጋ ነው። ብዙ ጊዜ ውሻው ከአውሬ ጋር መዋጋት እንኳ አያስፈልገውም። ሲጮኽ፣ ሲቀርብ፣ ወዲያ ወዲህ ሲል አውሬው ያሰበው ይበላሽበታል፤ ትቶም ይሄዳል። ለዚህ ሁሉ መሠረቱ የሚጣለው በመጀመሪያዎቹ አራት ወሮች ነው። ከዚያ በኋላ ጋጣ የገባ ውሻ በጉን እንደ ዘመድ እንዲቆጥር ማድረግ በጣም ይከብዳል። ካደገ ወዲያ ከከተማ ልንገዛው ያሰብነው ኃይለኛ ውሻ ምን ሊሆን ይችል እንደነበር እዚህ ላይ ገባን፤ በጉን ራሱ ይበላው ነበር።

ወደ አፍሪካ ስንመጣ በደንብ የተመዘገበው የናሚቢያ ታሪክ ነው። በ1980ዎቹ የናሚቢያ ገበሬዎች ከብታችንን ይፈጃል እያሉ አቦሸማኔን በጥይትና በወጥመድ ስለፈጁት ቁጥሩ በግማሽ ያህል ቀነሰ። በ1990 በላውሪ ማርከር የተቋቋመው የአቦሸማኔ ጥበቃ ድርጅት ለገበሬው «አትግደል» ብቻ ብሎ መስበክ እንደማያዋጣ ስላየ፣ ከ1994 ጀምሮ የአናቶሊያ ዝርያ የሆኑ የበግ ጠባቂ ቡችሎችን ለገበሬዎች መስጠት ጀመረ። ቡችሎቹ ከበግና ፍየል ጋር ያድጋሉ፣ ይከተባሉ፣ ይኮላሻሉ፤ ከተሰጡም በኋላ ባለሙያ እየሄደ ያያቸዋል። በመጀመሪያዎቹ ስምንት ዓመታት የተሰጡትን 143 ውሾች በተመለከተ የወጡት ጥናቶች ለሂሳብ ሠራተኛ ደስ የሚሉ ናቸው፤ ትርፉንም ኪሳራውንም አልደበቁም። ከተጠየቁት ገበሬዎች ውስጥ ከመቶ 73ቱ ውሻው ከመጣ ወዲህ የከብት ጥፋታቸው በብዙ መቀነሱን ተናግረዋል። በሌላ በኩል ብዙ ውሾች በሥራ ላይ ሞተዋል። ዋናው ምክንያት በእርሻው ላይ የሚደርስ አደጋ ነበር፤ ጥቂት ያልሆኑትን ደግሞ በጠባያቸው የተማረሩ ባለቤቶቻቸው ራሳቸው ገድለዋቸዋል።

እኛን ግን አንድ ነገር አስጨነቀን። የአናቶሊያው ውሻ ግዙፍ ነው፤ ምግቡም እንዲሁ። በእኛ ደጋ አንድ ቤተሰብ የሚበላውን ያህል የሚበላ ውሻ ማን ይቀልባል? መልሱን ያገኘነው ከናሚቢያ ጎረቤት ከቦትስዋና ነው። እዚያ የተደረገ ጥናት የአገሬውን ተራ ውሻ ከውጭ ከመጣው ጋር አወዳድሮ፣ የአገሬው በጥበቃው እንደማያንስ፣ በወጪ ደግሞ በብዙ እንደሚቀል አሳይቷል። በአሜሪካም የናቫሆ ሕዝብ ዝርያው ያልተለየ ተራ ውሻ ከበግና ፍየል ጋር አሳድጎ ይጠብቅበታል፤ በ1980ዎቹ ተመራማሪዎች ሄደው አጥንተውታል። ሁለቱም ጋ ቁም ነገሩ ዝርያው ሳይሆን ቡችላው የት አደገ የሚለው ነበር። የፈረንጅ ውሻ ክርክር በዚህ ተዘጋ።

እስከዚህ የጻፍነው ስለ ጅብና ስለ በግ ነው። ‹ለውሻ› የሚለውን መስመር ያሰፋብን ግን ሌላ ነገር ነው።

ከአባሎቻችን አንዷ ቀኝ ጎኗን ሲያማት ቆይታ ጉበቷ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ተገኘባትና በቀዶ ሕክምና ወጣላት። ሐኪሙ ምርመራውን አይቶ መጀመሪያ የጠየቃት «ቤታችሁ ውሻ አለ?» ብሎ ነበር። ዛሬ ደኅና ናት፤ ይህን እንድንጽፍም የፈቀደችልን እሷው ናት። ለሕክምናው ከማኅበሩ ተበድራ የገዛቻቸውን በጎች ሸጠች። በእኛ መዝገብ ውስጥ ይህ የተጻፈው ‹ያልተመለሰ ብድር› ተብሎ ነው። የውሻ ወጪ ተብሎ አልተጻፈም፤ ግን የውሻ ወጪ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በውሻ አንጀት ውስጥ የሚኖር፣ ርዝመቱ ከጥቂት ሚሊ ሜትር የማይበልጥ የኮሶ ዓይነት ትል አለ፤ ሰዎች ከሚይዘን ኮሶ የተለየ ነው። እንቁላሉ ከውሻው ዓይነ ምድር ጋር ወጥቶ ሣር ላይ ይቀራል። በጉ ከሣሩ ጋር ይበላዋል፤ በጉበቱና በሳንባው ላይ ውሃ የሞላ ከረጢት ይሠራል። በጉ ሲታረድ ያ የተበላሸ ሳንባና ጉበት ለውሻ ከተጣለ ትሉ በውሻው ሆድ እንደገና ይፈላል። ሰውን የሚይዘው በጉን በመብላት አይደለም፤ እንቁላሉ በእጅ፣ በአትክልት፣ በውሻው ጠጉር አድርጎ ወደ አፍ ሲገባ ነው። በፋሲካ ዕለት የምናደርገውን እናስብ። በጉ ይገፈፋል፣ ሳንባው ላይ ነጭ እብጠት ይታያል፣ «ይህስ አይረባም» ተብሎ ለውሻው ይወረወራል። ከእኛ ቤት ይህን ያላደረገ የለም።

በዚህ በሽታ ከሁሉ የተሠቃየች አገር አይስላንድ ነበረች። አይስላንድ በሰሜን ጫፍ ያለች የበግ አገር ናት፤ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እያንዳንዱ እርሻ በርካታ ውሾች ነበሩት፣ ክረምቱ ረጅምና ብርድ ስለሆነም ሰውና ውሻ በአንድ ጣሪያ ሥር ነበሩ። ሃራልድ ክራቤ የተባለ የዴንማርክ ሐኪም በ1863 ወደዚያ ሄዶ 100 ውሾችን ሲመረምር በ28ቱ ላይ ትሉን አገኘ። ከዚያ ያደረገው ነገር ነው ለእኛ ትልቅ ትምህርት የሆነን። በአይስላንድ ቋንቋ ትንሽ መጽሐፍ ጽፎ፣ በ1864 ታትሞ በነጻ በየቤቱ እንዲዳረስ ተደረገ። አይስላንዳውያን ድሆች ቢሆኑም ማንበብ ያውቁ ነበር፤ በየቤቱም ተነበበ። በ1869 ሕግ ወጣ፤ በውሻ ላይ ግብር ተጣለ፣ የታረደ በግ ከረጢት ያለበት ክፍል እንዲቃጠል ወይም እንዲቀበር ታዘዘ። በኋላም ውሾች በየጊዜው የትል መድኃኒት እንዲወስዱ ግዴታ ሆነ። ዋና ከተማቸው ሬይክያቪክ በ1924 ጭራሹን ውሻ ማሳደግን ከለከለች። በዚህ ላይ ገበያውም አገዘ፤ ከ1900 ገደማ ጀምሮ በጎች በጠቦትነታቸው መታረድ ሲጀምሩ ከረጢቱ ለመብሰል ጊዜ አላገኘም። ከዚያ ዘመን በኋላ በተወለዱት ላይ በሽታው ብርቅ ሆነ፤ ቀስ በቀስም ከአገሪቱ ጠፋ።

አንድ ትንሽ መጽሐፍ፣ አንድ ጉድጓድ፣ አንድ መድኃኒት። ውድ መሣሪያ የለበትም። እኛ ዘንድ የጎደለው የትኛው እንደሆነ ስንመለከት ሦስቱም ሆነው አገኘናቸው።

ስለ እብድ ውሻ በሽታ ብዙ አንጽፍም፤ አባሎቻችን ከእኛ በላይ ያውቁታል። ሉዊ ፓስተር በሐምሌ 6 ቀን 1885 ጆሴፍ ሚስተር ለተባለ የ9 ዓመት ልጅ ክትባቱን ሰጥቶ ካዳነው ወዲህ በዚህ በሽታ ሰው የሚሞተው መድኃኒት ስለታጣ ሳይሆን በጊዜ ስላልደረሰው ነው። በሰው ላይ ከሚደርሰው ከመቶ 99 ያህሉ ከውሻ የመጣ ነው፤ ከሚሞቱትም መካከል ብዙ ሕፃናት አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በአንድ አካባቢ ካሉ ውሾች ከመቶ 70ው ከተከተቡ በሽታው መተላለፉ ይቆማል። ይህን ቁጥር በማኅበራችን ግድግዳ ላይ ለጥፈነዋል፤ ከ70 በታች የሆነ ሰፈር ገንዘቡን እንዳባከነ ይቆጠራልና። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውሃ አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። በቤት መድኃኒት ቀን አይቁጠር።

አንድ ጉዳይ ግን ከሰውም ያልፋል። በባሌ ተራሮች እረኞች ጅብ እንዲጠብቁላቸው የሚያሳድጓቸው ውሾች ከብቱን ተከትለው ወደ ቀይ ቀበሮው ግጦሽ ይወጣሉ። ብዙዎቹ የሚቀለቡ አይደሉም፤ ያገኙትን ፈልገው የሚበሉ ናቸው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ከዚያም በ2003 እና በ2004 ከውሻ የተነሣ የእብድ ውሻ በሽታ ቀበሮዎቹን ፈጃቸው። በሁለተኛው ጊዜ በወብ ሸለቆ ከነበሩት ሦስት አራተኛ ያህሉ አለቁ። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 የማይበልጡ ስለሆኑ የአንድ ሸለቆ ሞት ትልቅ ነገር ነው። ስለዚህ በባሌ ያሉ የጥበቃ ሰዎች ሥራቸውን የጀመሩት ቀበሮውን ሳይሆን የገበሬውን ውሻ በመከተብ ነው። ቀይ ቀበሮ በእኛው በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ጓሳም አለ። የእኛ ያልተከተበ ውሻ እዚያ ለመድረስ ፈቃድ አይጠይቅም።

አሁን ወደ ጥያቄው። ያን ገንዘብ ምን አደረግንበት?

ሁለት ቡችሎች ወሰድን፤ አንድ ሴት፣ አንድ ወንድ። ያመጣናቸው ከጎረቤት ቀበሌ፣ እናታቸው ቀን ከበጎቹ መሃል ተኝታ ስትውል በዓይናችን ካየነው ግቢ ነው። ኃይለኛዋን አልመረጥንም፤ በጉ አፍንጫዋን ሲያሸታት ዝም ያለችውን መረጥን። በስምንት ሳምንታቸው ከጠቦቶች ጋር በጋጣ አስገባናቸው። እናት በግ ማጥባቱን አልሞከርነውም፤ ወተትና የገብስ ቂጣ ፍርፋሪ በተራ አመጣን። ቀለብ ማቅረቡ በየሳምንቱ ለሁለት ሴቶች ተሰጠ፤ ተራዋን የረሳች እንደ እቁብ ቀሪ ተቀጣች። በወራቸው የትል መድኃኒት፣ በሦስት ወራቸው የእብድ ውሻ ክትባት ወሰዱ፤ የእንስሳት ሐኪሙ ባዘዘው ጊዜም ይደገማል። ሲደርሱ ሁለቱም እንዳይወልዱ ተደረገ። ይህ በስብሰባው ላይ ከሁሉ በላይ ያከራከረ ነበር፤ አንዳንዶቻችን ኃጢአት ነው አልን። መንገድ ዳር የሚጣሉት ሴት ቡችሎች ሲነሡ ግን ክርክሩ በረደ።

ሴቲቱ ተሳካላት። በጎቹ ሲሄዱ ትሄዳለች፣ ሲተኙ ትተኛለች። ማታ የምትጮኸው ጅቡ ገና ወንዙ ማዶ ሳለ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጎረቤት እንቅልፍ አጣን ብሎ ከሷል።

ወንዱ አልተሳካም። በስድስት ወሩ ጠቦት ማሳደድ ጀመረ፣ የአንዱንም ጆሮ ቀደደ። አንገቱ ላይ እንጨት አንጠልጥለን እንዳይሮጥ ሞከርን፤ ትንሽ ተሻለው። በኋላ ምክንያቱን ደረስንበት፤ የአንዷ አባላችን ልጅ በድብቅ እየመጣ እንጀራ ይሰጠውና አብሮት ይሯሯጥ ነበር። ልጁን ማን ይቆጣል? ዳርዊን ያየው የኡራጓይ እርሻ ሰፊ ነው፤ የእኛ ግቢ ግን በልጅ የተሞላ ነው። ወንዱ ዛሬ የዚያ ልጅ ቤት በር ጠባቂ ነው፤ ጥሩ በር ጠባቂ። የክትባት ካርዱ ግን አሁንም በማኅበሩ ሳጥን ውስጥ ነው ያለው።

ባለፉት ሁለት ክረምቶች ሴቲቱ ካለችበት ጋጣ ጅብ የወሰደው በግ የለም። ጋጣውም በግንብ ስለተጠናከረ የትኛው እንደጠቀመ ለይተን መናገር አንችልም፤ ለደጋፊያችንም በደብዳቤ የጻፍነው ይህንኑ ነው። በፋሲካ ለእርድ በተመረጡት አራት ግቢዎች ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፈረ፤ ከረጢት ያለበት ሳንባና ጉበት እዚያ ይጣላል፣ ውሻ እንዳይቆፍረውም ድንጋይ ይጫንበታል። መጀመሪያ ጉድጓዱ ጋ ቆማ የጠበቀችው ያቺ የተቀደደችው አባላችን ናት።

በአዲሱ መዝገብ ‹ለውሻ› ከልዩ ልዩ ወጪ ወጥቶ የራሱ መደብ ተከፍቶለታል። በሥሩ አራት መስመር አለ፤ ቀለብ፣ ክትባት፣ የትል መድኃኒት፣ ጉድጓድ ማስቆፈሪያ። ኦዲተሩን ለማስረዳት ያስቸገረን የመጨረሻው ነው።